ፑኮ፦ ወገብ ላይ የማትከብድ ቢላ

የፊንላንድ ገበሬ፣ አናጺና አዳኝ ከቀበቶው ላይ የሚያንጠለጥላት ፑኮ የምትባል ትንሽ ቢላ፣ የሰው እጅ ከሠራቸው መሣሪያዎች ሁሉ እጅግ ከማደንቃቸው አንዷ ናት። አትታጠፍም፤ ስለቷ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ሲሆን ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ትልቁ ጥበብ ግን ያለው ሰገባዋ ላይ ነው። ቆዳው በውሃ ርሶ የቢላዋን ቅርጽ ይዞ ስለሚደርቅ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ማሰሪያ አጥብቆ ይይዛታል። እጀታዋንም ከግማሽ በላይ ይውጠዋል፤ ውጭ የሚቀረው በጣት ተይዞ የሚመዘዘው ጫፍ ብቻ ነው። ካፖርት ሲደረብ እሱም አይታይም። ሰገባው በአጭር ጠፍር ስለሚንጠለጠል ሰውዬው ሲቀመጥ ዘወር ትላለች እንጂ ጎኑን አትወጋውም። ቀኑን ሙሉ ታጥቋት ውሎ መኖሯ ትዝ የሚለው ሥራ ሲመጣ ነው፦ ዓሣ ሲያጸዳ፣ ገመድ ሲቆርጥ፣ ለእሳት ማያያዣ የበርች ዛፍ ቅርፊት ሲልጥ።

እጀታዋም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከበርች እንጨት ይሠራል፤ በፊንላንድ ብርድ እንደ ብረት እጅን አያደነዝዝም።

ይህች የሥራ ቢላ ግን ለጠብም ውላለች፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦስትሮቦትኒያ በተባለው የፊንላንድ አካባቢ የነበሩ ጠበኞች ደም አፍስሰውባታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፊንላንድ ሕግም ለሥራ ወይም ለሌላ በቂ ምክንያት ካልሆነ በሕዝብ ቦታ ስለት መያዝን ይከለክላል፤ ተገቢ ሕግ ነው። ፑኮ ቦታዋ ጫካና ሐይቅ ዳር፣ የአናጺ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ፊንላንዳውያን ዛሬም ለሚያከብሩት ሰው በስጦታ ይሰጧታል።