ዳኛው የማን ወገን ነው?

ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ጊምቢ ስንጓዝ ነቀምቴ ለምሳ ወረድን። ሾፌራችን ቢራውን ደጋግሞ ሲያበቃ አፉን ጠረግ አድርጎ መሪውን ጨበጠ። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ የሚያወርደውን ጥምዝምዝ ለሚያውቅ የቀረውን መተረክ አያስፈልግም። «ኧረ ቀስ!» ከማለት በቀር ማናችንም «አቁም» አላልነውም። እኔም አላልኩም።

በሰላም ከገባን በኋላ ግን ጀግና ሆንን። «ዳኞቹ ናቸው ያባለጓቸው! አንድ ሁለቱን ቢቀጡልን ሌላው ይማር ነበር» አለ አንዱ። «አበጀህ!» አልነው።

እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ዳኛ የትራፊክ ዘመቻ አባል ነው እንዴ? ቁጥጥሩ የፖሊስ፣ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ እንዳይመራ ይደነግጋል። ይህ ደግሞ ሹሙን ብቻ ሳይሆን የተቆጣነውን ተሳፋሪዎችም ይመለከታል።

ሕጉ እንደሆነ ጥርስ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በሙያው ግዴታ ላይ እያለ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ጠጥቶ ራሱን ከኃላፊነት ውጭ ያደረገ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ማስረጃ ነው። ትንፋሹ ወይም ደሙ በሰዓቱ ካልተለካ አልኮሉ ሌሊቱን ከሰውነቱ ይወጣል፤ የሚቀረው «አፉ ይሸት ነበር» የሚል ምስክር ነው። ፖሊስ ያላመጣውን ማስረጃ ዳኛው ከኪሱ አያወጣም።

ይህን ስል ዳኞቹን ሁሉ ነጻ ማውጣቴ አይደለም። በወለጋ ከተሞች ዳኛው፣ ሾፌሩና የሟች ወንድም በአንድ ዕድር ሊገናኙ ይችላሉ። ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። እርቁ ክቡር ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ደም እንዳይቃባ ያደርጋል፤ ቅጣት ማቅለያም ሊሆን ይችላል። የሾፌሩ አጎት ባለሀብት ስለሆነ የሚቀልል ቅጣት ግን ነውር ነው። እንዲህ ያለ ዝምድና ያለበት ዳኛ ከችሎቱ ይነሳ! ለቁጣችን ያላጎነበሰ ዳኛ ለአጎትየውም ማጎንበስ የለበትም።

ድሮ «በሕግ አምላክ!» የተባለ መንገደኛ ባለበት ይቆም ነበር። እኛ ዴዴሳ ቁልቁለት ላይ የዋጥነውን ይህን ቃል፣ ሰው ከሞተ በኋላ ዳኛው እንዲልልን ነው የምንጠብቀው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚቆም መኪና የለም።