ሪሞቱ አልተበላሸም

ታናሽ ወንድሜ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርውሮ «ይሄ ነገር ተበላሽቷል!» ያለኝ ጊራሂም ለአራተኛ ጊዜ ሲያሸንፈው ነው። ጨዋታው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ስካይዋርድ ሶርድ» ይባላል። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዊ ኮንሶል ያወጣው፣ በ2021 ደግሞ አድሶ ለስዊች ያቀረበው ምናባዊ ዓለም ነው። ሊንክ የሚባል ወጣት ከደመና በላይ ከምትንሳፈፈው ከስካይሎፍት ተነስቶ ዜልዳን ፍለጋ ወደ ምድር ይወርዳል። ታሪኩን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ ሰይፉ እንሂድ፤ ምክንያቱም በዚህ ጨዋታ ሰይፍ የሚሰነዘረው በተን በመጫን ሳይሆን ክንድን በማወናጨፍ ነው።

ጊራሂም መጀመሪያ ላይ ባዶ እጁን፣ እየተንጎራደደ ይመጣባችኋል። አንድ እጁን ዘርግቶ የእናንተን ሰይፍ ይከተላል። ሰይፋችሁን ወደ ቀኝ ስታደርጉ እጁም ወደዚያው ይሄዳል። በዚያው በኩል ከመታችሁ ስለቱን በጣቶቹ መሃል ይይዘዋል፤ ሲብስም ነጥቆ መልሶ ይወረውርባችኋል። ወንድሜ የሚያደርገው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነበር፦ ሪሞቱን እንደ ዝንብ ማባረሪያ ማርገብገብ። ጊራሂም ሁሉንም ያዘበት።

ጨዋታው ሲወጣም ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። አንዱ ወገን «አይሰራም» ሲል ሌላው «መጫወት ስለማትችሉ ነው» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ጨዋታው ጎበዝ የሚሆነው የሴንሰሩን አቅም አውቆ ያንኑ ወሰን የጨዋታ ሕግ ሲያደርገው ነው፤ የሚያናድደው ደግሞ ሴንሰሩ የማይችለውን የሚችል ሲያስመስል ነው። ይህን ለማየት ሪሞቱ ውስጥ ትንሽ መግባት ሊኖርብን ነው። ፊዚክስ አይሰለቻችሁ፤ አጭር ነው።

በ2006 ከኮንሶሉ ጋር የመጣው ሪሞት ሁለት የስሜት ሕዋስ ነበረው። አንደኛው አክስለሮሜትር ነው። በጥቃቅን ስፕሪንጎች የተንጠለጠለች የሲሊኮን ቅንጣት አስቡ፤ ሪሞቱ ሲገፋ ወይም ሲያዘነብል ቅንጣቷ ትንሽ ትንሸራተታለች፣ እሷም ትለካለች። ሁለተኛው ከፊት ያለ የኢንፍራሬድ ካሜራ ነው። (ቲቪው ላይ የሚቀመጠው «ሴንሰር ባር» የተባለው ዘንግ፣ ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ምንም ሴንስ አያደርግም። መብራት ብቻ ነው፤ የሚያየው ሪሞቱ ነው።) በእነዚህ ሁለቱ ብቻ የሰይፍን አቅጣጫ በየቅጽበቱ መከታተል አይቻልም። በ2009 ሞሽን ፕላስ የሚባል ተጨማሪ ዕቃ ወጣ፤ ውስጡም ጋይሮስኮፕ ነበር። ጋይሮስኮፕ በምን ያህል ፍጥነት እየዞራችሁ እንደሆነ ይለካል። ስካይዋርድ ሶርድ ያለ እሱ ጭራሽ አይጫወትም።

ልብ በሉ፦ ጋይሮስኮፑ የሚነግረን የመዞርን ፍጥነት እንጂ አቅጣጫን አይደለም። አቅጣጫውን ለማግኘት ኮንሶሉ ፍጥነቱን በየቅጽበቱ እየደመረ ይሄዳል። ስህተትም ካለ አብሮ ይደመራል። አሁኑኑ ሞክሩት። ወደ በሩ ፊታችሁን አዙራችሁ ቁሙ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አስር ጊዜ ዞር ዞር በሉና በመጨረሻ ወደ በሩ ለመመለስ ሞክሩ። ዓይናችሁን ስትከፍቱ ምናልባት መስኮቱን እያያችሁ ይሆናል። ላይና ታች ግን አልጠፋባችሁም፤ የመሬት ስበት ሁልጊዜ ይነግራችኋል። ሪሞቱም እንደዚሁ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበሉን አክስለሮሜትሩ በስበት ያርምለታል፤ ወደ ጎን መዞሩን ግን የሚያርምለት የለም፣ ምክንያቱም ወደ ጎን ብትዞሩ ስበት ያው ስበት ነው።

በቁጥር እንየው። ጋይሮስኮፑ ዝም ብሎ በተቀመጠበት በሰከንድ ግማሽ ድግሪ እየዞርኩ ነው ቢል፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 30 ድግሪ ይሳሳታል። ጨዋታው ሲጀመር ሪሞቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ለትንሽ ሰከንድ እንዳትነኩት የሚያዛችሁ ለዚህ ነው፤ «ዝም ስል የማወራው ውሸት ስንት ነው?» ብሎ እየለካና ሊቀንሰው እየተዘጋጀ ነው። የእጃችሁን ቦታ ከአክስለሮሜትር ማወቅ ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ ሁለት ጊዜ መደመር ይጠይቃልና። ሴንሰሩ የስበትን አንድ መቶኛ ብቻ ቢሳሳት፣ ከአስር ሰከንድ በኋላ እጃችሁ አምስት ሜትር ያህል ርቋል ብሎ ያስባል። እናንተ ሳሎን፣ ሰይፋችሁ ጎረቤት ቤት።

ስለዚህ ጨዋታው ሰይፉ ወዴት እንደሚያመለክት በደንብ ያውቃል፤ እጃችሁ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ከዚህ በኋላ ያለው የዲዛይን ችሎታ ነው፣ እኔም ባርኔጣዬን የማነሳው እዚህ ጋ ነው።

ዴኩ ባባ የሚባለውን ሥጋ በል ተክል ውሰዱ። አፉን አንዳንዴ አግድም፣ አንዳንዴ ቁልቁል ይከፍታል። አግድም ሲከፍት አግድም ትመታላችሁ፣ ቁልቁል ሲከፍት ቁልቁል። ቦኮብሊን የተባለው ጭፍራ መሣሪያውን በአንድ በኩል ይዞ ይከላከላል፤ እናንተ ክፍት በሆነው በኩል ትገባላችሁ። ምቱ ስምንት አቅጣጫ አለው፣ መውጋት ሲጨመር ዘጠኝ። ክንዳችሁ የሚሠራው ቁጥር ስፍር የሌለው እንቅስቃሴ ወደ ስምንት ፊደል ይጠቀለላል። ይህ ለእኔ ማጭበርበር አይደለም። ስህተትን የምትታገሱበትን መጠን ራሳችሁ ከመረጣችሁ ርካሽ ሴንሰርም ይበቃል። ሁለት አጎራባች አቅጣጫዎች የሚራራቁት በ45 ድግሪ ስለሆነ፣ አስር ድግሪ ብትስቱም ፊደሉ ያው ይነበባል።

በመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ውስጥ በሩ ላይ የተሰካ ትልቅ ዓይን አለ፤ የሰይፋችሁን ጫፍ እየተከተለ ያያል። ሰይፉን በክብ ስታዞሩት ዓይኑም አብሮ ይዞርና አዙሮት ይወድቃል፣ በሩም ይከፈታል። ማንም አላስረዳኝም፤ እጄ ነው ያገኘው። ከጨዋታው ሁሉ አንድ ደቂቃ ብቻ አሳዩኝ ብትሉኝ ይህችን ነው የማሳያችሁ።

የሚያናድደው ክፍልስ? መውጋት። መውጋት ማለት ሳይዞሩ ወደ ፊት መሄድ ነው፣ እሱ ደግሞ አሁን እንዳልነው ሴንሰሩ ደካማ የሆነበት ነገር ነው። የሰው ክንድም ሲዘረጋ ከትከሻና ከክርን መዞሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ወጋሁ ስትሉ ሊንክ ይቆርጣል። ሌላው ማነጣጠር ነው። ጨዋታው በካሜራው ፈንታ ለማነጣጠርም ጋይሮስኮፕን መረጠ። ጥቅሙ ገብቶኛል፤ ሰይፍ ስታወናጭፉ ሪሞቱ ወደ ቲቪው መዞር የለበትም። ዋጋው ግን ምልክቱ ቀስ በቀስ ወደ ጎን መንሸራተቱ ነው፤ በተን ተጭናችሁ ወደ መሃል እየመለሳችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ብሆን ለማነጣጠር ካሜራውን እመልሰው ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን በሴንሰር አይፈታም። ልጅ ሆናችሁ በዱላ ሰይፍ ተጫውታችሁ ከሆነ፣ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ መዳፍን እንዴት እንደሚነዝር ታውቃላችሁ። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ መዳፋችሁ ላይ ነው ያለው፤ የመታችሁት ነገር መልሶ ይመታችኋል። ሪሞቱ ግን ምንም አይመታም። ስክሪኑ ላይ ቦኮብሊኑ ሲከላከል የሊንክ ሰይፍ ይቆማል፣ የእናንተ እጅ ግን አልፎ ሄዷል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሁለት ሰይፍ አለ፣ አንዱ በእጃችሁ፣ አንዱ በስክሪኑ፣ እና አይገናኙም።

«ቴክኖሎጂው ሲሻሻል ይፈታል» የሚሉ አሉ። እንፈትናቸው። ስካይዋርድ ሶርድ በወጣበት በዚያው ወር፣ ኅዳር 2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው እንዳትሉ፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 2011፣ «ስካይሪም» የተባለው ታዋቂ የሮል ፕሌይንግ ጨዋታ ወጣ። በ2017 ደግሞ በቪአር መነጽር የሚጫወቱት ሆነ። እዚያ ኮንሶሉ የእጃችሁን ቦታ በካሜራ ይከታተላል፤ የጎረቤት ቤት ችግር የለም። ሰይፉ እጃችሁ ባለበት ነው። ግን ጠላት ስትመቱ ስለቱ እርጎ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ያልፋል፤ ክንድ ሙሉ ከመሰንዘር ይልቅ የእጅ አንጓን ቶሎ ቶሎ ማወዛወዝ ያዋጣል። ወንድሜ ያንን ጨዋታ ቢያገኝ በዝንብ ማባረሪያው ስልት ንጉሥ ይሆን ነበር። ሴንሰሩ ተሻሻለ፣ ፍልሚያው ግን ወረደ።

ልዩነቱ ስህተት ዋጋ አለው ወይስ የለውም የሚለው ላይ ይመስለኛል። ስካይዋርድ ሶርድ እጃችሁን ማስቆም ስላልቻለ፣ እናንተው እንድታስቆሙት አደረገ። በተሳሳተ በኩል ከመታችሁ ትቀጣላችሁ፤ ስለዚህ ከመሰንዘራችሁ በፊት ታመነታላችሁ፣ ታያላችሁ፣ ትመርጣላችሁ። ያቺ ማመንታት ናት የጎደለውን ክብደት የተካችው። አካሄዱንም ልብ በሉ፦ ሰይፉን ቀስ ብላችሁ ስታንቀሳቅሱ እንደ ምት አይቆጠርም፣ ስትፈጥኑ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ቀስ ማለት «እያሰብኩ ነው» ማለት ነው።

አንድ ቅሬታ ልጨምር፣ የራሴ ነው፤ እኔ ግራኝ ነኝ። ገበታ ላይ በቀኝ እንድበላ ተገርቼ አድጌያለሁ፣ ሰይፍ ግን በግራ ነው። ሊንክም ለብዙ ዓመታት ግራኝ ነበር! በ2006 «ትዋይላይት ፕሪንሰስ» ለዊ ሲመጣ፣ ሪሞቱን አብዛኛው ሰው በቀኝ ስለሚይዝ ተብሎ መላው ዓለም እንደ መስታወት ምስል ተገለበጠ፤ ምሥራቁ ምዕራብ ሆነና ሊንክ ቀኝ እጅ ሆነ። በስካይዋርድ ሶርድ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቀኝ እጅ ነው። ጋይሮስኮፑ የትኛው እጅ እንደያዘው አያውቅም፣ ግድም የለውም፤ ሪሞቱን በግራ ብይዝ የሚከለክለኝ የለም። ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው እኔን አይመስልም። ለቀኞች ሲባል ዓለም ከተገለበጠ፣ ለግራኞች አንድ ምርጫ ማስገባት ያን ያህል ከባድ ነበር?

የ2021ዱ እትም ክንዳቸውን ማወናጨፍ ለማይችሉ ሰዎች በር ከፍቷል። ቀኝ ስቲኩን ወደፈለጋችሁት አቅጣጫ ስትገፉ ሊንክ በዚያ በኩል ይመታል። ስቲኩ በሰይፍ ስለተያዘ ካሜራውን ለማዞር ሌላ በተን ተጭኖ መያዝ አለ፣ ይህ ያደክማል። ፍልሚያው ግን አልፈረሰም፤ ስምንቱ ፊደል እዚያው ናቸው፣ ጊራሂምም ያው ጊራሂም ነው። ትከሻው የሚያመው ሰው ያለ ሃፍረት በዚህ ይጫወት።

ወንድሜ በማግስቱ ሪሞቱን ከሶፋው ስር ጎትቶ አወጣው። ምንም አልነገርኩትም፣ «ቀስ በል» ብቻ ነው ያልኩት። ሰይፉን ወደ ቀኝ አደረገና ያዘው። የጊራሂም እጅ ተከተለው። ወንድሜ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አንጓውን ቀልበስ አድርጎ በግራ በኩል መታ። ገባ። «አየህ፣ ሪሞቱ ተሠራ!» አለኝ።