ቀዳዳው የት ነው ያለው?

ጥግግቱ 99 በመቶ ነው የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ የስቴንለስ ስቲል ዕቃ ብዙውን ገዢ ዝም ያሰኛል። እኔን ግን አያረካኝም። መጠየቅ ያለበት ባዶ የቀረው 1 በመቶ የት እንዳለ ነው።

ዕቃው የታተመው ባይንደር ጄቲንግ በተባለው የ3ዲ ኅትመት ዘዴ ነው፤ በዚህ ዘዴ የሚሠራ ብረት ማተሚያው ውስጥ አይቀልጥም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤምአይቲ ውስጥ እነ ኢማኑኤል ሳክስ የጀመሩት ይህ ዘዴ፣ በስሱ በተነጠፈ የብረት ዱቄት ላይ ማጣበቂያ እያንጠባጠበ ዕቃውን ንብርብር በንብርብር ይገነባል። ከማተሚያው ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው፤ በእጅ ይሰበራል። ጥንካሬውን የሚያገኘው ምድጃ ውስጥ ነው። 316ኤል የተባለው የስቴንለስ ስቲል ዓይነት ከ1,350 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፤ ዕቃውም በየጎኑ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይኮማተራል።

ስለዚህ ናሙናው በቁመቱ ተቆርጦና ተወልውሎ ይምጣልኝ እላለሁ። በአግድም የተቆረጠው ያታልላል። ማይክሮስኮፕ ሥር ቀዳዳዎቹ ክብ፣ ጥቃቅንና የተበታተኑ ከሆኑ ምድጃው ሥራውን ሠርቷል። ማዕዘን ያላቸውና እርስ በርስ የተያያዙ ከሆኑ ዕቃው ሳይበስል ወጥቷል። ከሁሉ የከፋው በንብርብሮቹ ርቀት ልክ ረድፍ ሠርተው ሲገኙ ነው። የወረቀቱ ቁጥር ምንም ቢያምር፣ ዕቃው በቁመቱ ሲሳብ የሚለያየው በዚያ ረድፍ ላይ ነው። ናሙናው በአሲድ ሲነካ ደግሞ በየክሪስታሉ ውስጥ ቀጥ ያሉ ትይዩ መስመሮች ይወጣሉ። ጀማሪ ስንጥቅ ይመስሉታል፤ መንትያ ክሪስታሎች ናቸው፣ እንደ 316ኤል ባለ የኦስቴናይት ብረት ያለ ነገር ነው።

በጥንካሬው አንፍረድበት። እንዲህ ያለ 316ኤል ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ 200 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው፤ በሌዘር የተሠራው ከ400 ያልፋል። ምድጃ ውስጥ ረጅም ሰዓት የቆየ ብረት ክሪስታሉ ስለሚተልቅ ይለሰልሳል፤ ይህን ጉድለት አልለውም። የእኔ ዓይን የሚያርፈው ከመበጠሱ በፊት ምን ያህል እንደሚረዝም ላይ ነው። ጥሩው 50 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ ቀዳዳ ቀድሞ የሚያበላሸውም ይህንኑ ቁጥር ነው።

ካርቦኑም ይመርመር። ማጣበቂያው በወጉ ካልወጣ ካርቦን ጥሎ ይሄዳል። ለ316ኤል ከተፈቀደው 0.03 በመቶ ካለፈ፣ በክሪስታሎቹ ድንበር ላይ ክሮሚየሙን ይዞ ያስቀረዋል፤ አይዝግም የተባለው ብረት ከዚያ ይዝጋል።

ሻጩ «በሙቀትና በጋዝ ግፊት ቀዳዳውን እንደፍነዋለን» ቢል፣ ለውስጠኛው ቀዳዳ እውነቱን ነው። እስከ ገጹ ድረስ የተከፈተውን ግን ጋዙ ራሱ ስለሚገባበት አይደፍነውም። ጥግግቱ ከ90 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ደግሞ በዚህ ዓይነቱ ክፍት ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ፣ ለፓምፕም ለቫልቭም አልገዛውም።