የፋግታ ገበሬ ዛፍ

በአዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዛፍን እንደ ሰብል ያመርታል። ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ይሰበስባል፣ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብቶቹ ያጭዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከዚያ መሬቱን አርሶ እንደገና ይጀምራል። እጅግ የማደንቀው ይህን ዙር ነው። አሲድ ያጠቃው አፈር ያገግማል፤ ችግኝ አፍዪው፣ ቆራጩ፣ አክሳዩ፣ ጫኙ፣ ነጋዴው ሁሉ እንጀራ ያገኙበታል፤ ከሰሉም አዲስ አበባ ድረስ ይጓዛል። ከሰል ሲባል የደን ጭፍጨፋ ይታየናል፤ በፋግታ ግን የዛፍ ሽፋኑ ጨምሯል። ይሁንና በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ መትቶታል። የደን ተመራማሪዎች ሆይ፣ ለዚህ ገበሬ ፈጥናችሁ ድረሱለት፤ ኑሮው በአንድ የዛፍ ዝርያ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል አማራጭ ስጡት።