«ነገሩኝ» የጠፋባቸው የላሊበላ ጽሑፎች
ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተጻፉ የመመረቂያ ጥናቶችን ሳነብ ሁለት ሐሳቦች ደጋግመው ይገጥሙኛል። አንደኛው ሥራው 24 ዓመት ፈጀ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የሠሩት ከውጭ የመጡ ነጮች ናቸው የሚል ነው። ከግርጌ አንዳንዴ «አልቫሬዝ» ተብሎ ይጠቀሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም የለም።

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣ ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ቆየ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝቦን ላይ ታተመ። በላስታ ያያቸውን ሕንፃዎች ከገለጸ በኋላ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ በመስጋት የጻፈው እውነት ስለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ይምላል። ሆኖም ይህ እስከ መሐላ የደረሰ ሰው እንኳ 24 ዓመቱንና ነጮቹን ሠራተኞች ሲያነሣ «ነገሩኝ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ያየውን ከሰማው ለይቶታል።

የእኛ ጸሐፊዎች ይህችን ቃል ጣሏት። ንጉሡ ካረፈ ከ300 ዓመት ያህል በኋላ በቦታው ይነገር የነበረ ወሬ፣ አንዱ ከሌላው ሲገለብጠው የአውሮፓዊ የዓይን ምስክርነት ሆኖ ቁጭ አለ። ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ሕንፃዎቹን ከአገሬው ጠራቢ እጅ ነጥቆ ለባዕድ የሚሰጠው ክርክር ማስረጃ አገኘ። ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ከንጉሡ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድሙ ይከራከራል። «24 ዓመት» የሚለውን እንዳለቀለት ሐቅ የያዘ ተማሪ ከዚህ ክርክር ውስጥ መግቢያ የለውም።

የሰው ዐረፍተ ነገር ያለ ትእምርተ ጥቅስ መውሰድ ስርቆት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ያላነበቡትን መጽሐፍ አንብቤአለሁ ብሎ በግርጌ ማስፈር ይብሳል፤ የመጀመሪያው ባለቤቱን ይበድላል፣ ሁለተኛው ግን ስሕተቱን ከነማኅተሙ ለተከታዩ ያስተላልፋል። ፖርቱጋልኛ ለማይችል ቤኪንግሃምና ሀንቲንግፎርድ በ1961 ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ እትም አለ። እሱንም ያላገኘ «በእገሌ እንደተጠቀሰው» ቢል ማን ይነቅፈዋል?

የግርጌ ማስታወሻ የፈረንጅ ልማድ ነው የሚሉ አሉ። መልኩ ይሁን፤ ነገሩ ግን የእኛም ነው። የአንድምታ መምህር የላይ ቤቱን ትርጓሜ ከታች ቤቱ ይለያል። ከላስታ አጠገብ በምትገኘው በዋድላ የቅኔ ቤትም የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ይዋረዳል።

ዛሬም ወደ ላሊበላ ወርደው አፈ ታሪክ የሚሰበስቡ ተማሪዎች ተራኪያቸውን «አንድ አባት» ብለው ያልፉታል። አልቫሬዝም የነገሩትን ሰዎች ስም አልጻፈም፤ መንገደኛ ነበርና ይቅር ይባል። መቅረጸ ድምፅ ይዞ የሄደ አጥኚ ግን ተራኪው እስከፈቀደ ድረስ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ደብሩንና የተነጋገሩበትን ቀን ለመጻፍ ምን ያግደዋል?