ገደሉ የቀረበት አሞራ፦ የሉዊ አጋሲ ፉዌርቴስ የኢትዮጵያ ሥዕሎች

ከስሜንና ከጎንደር የመጡ ሽማግሌዎቻችን ስለ አገር ቤት አሞራ ሲያወጉን አስቀድመው የሚያነሡት ገደሉን ነው፤ ላባው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አሜሪካዊው የአዕዋፍ ሠዓሊ ሉዊ አጋሲ ፉዌርቴስ ከኢትዮጵያ ይዞ በተመለሳቸው ሥዕሎች ግን ላባው፣ ምንቃሩና ዓይኑ ሲኖሩ ገደሉ በአብዛኛው የለም። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

ፉዌርቴስ እ.ኤ.አ. በ1874 በኒውዮርክ ግዛት በኢታካ ከተማ ተወለደ። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ለአዳኝ አዕዋፍ ልዩ ፍቅር ነበረው፤ በ1920 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በጭልፊት ስለ ማደን ጽሑፍና ሥዕል አውጥቷል። በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየምና ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ከላኩት ቡድን ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። በ1927 ከመቶ በላይ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ይዞ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ተረፉ። ሙዚየሙም 32ቱን በ1930 አሳተማቸው።

የሥዕሎቹ ትልቅ ዋጋ በቀለማቸው እውነተኛነት ላይ ነው። ወፍ ሲሞት የዓይኑና የፊቱ ቆዳ ቀለም በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል፤ በሙዚየም መሳቢያ የሚቀመጠው ቆዳና ላባ ይህን ሊነግረን አይችልም። ጺማሙን አጥንት ሰባሪ አሞራ ብንወስድ፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ደማቅ ቀይ ቀለበት እንዲህ ካለው ፈጥኖ ጠፊ ቀለም አንዱ ነው። ፉዌርቴስ ወፉ ሳይደበዝዝ ለመሣል ይሽቀዳደም ነበር። በዚህ የሚተካከሉት ጥቂቶች ናቸው።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ሳንናገር አናልፍም። አንደኛ፣ ወፎቹ የተሣሉት ተተኩሶባቸው ከወደቁ በኋላ ነው። የዘመኑ የሙዚየም ልማድ ይኸው ስለነበር ሠዓሊውን ብቻውን አንወቅሰውም፤ ነገር ግን የሥዕሉ ውበት በምን ዋጋ እንደተገኘ ማወቅ ይገባናል። ሁለተኛ፣ አጥንት ሰባሪው አሞራ አጥንቱን ከሰማይ ጥሎ የሚሰብርበት ድንጋይና ጎጆውን የሚሠራበት ገደል ከሌለ ኑሮው አይታወቅም። በነጭ ወረቀት ላይ መልኩ ይቀራል፤ አገሩ ግን አይታይም። ይህ ጉድለት ከአገሩ ለወጣ ሰው በቶሎ ይታየዋል።

ነገሩ የሥዕል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ይህ አሞራ በዕብራይስጥ ፔሬስ ይባላል፤ ስሙም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት አዕዋፍ ጋር ተጠቅሷል። ዛሬ በእስራኤል ገደሎች ጎጆ አይሠራም፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን አሁንም ይኖራል። በኢትዮጵያና በእስራኤል ሰማይ የሚታየው ነጩ የግብፅ ጥንብ አንሳም ከ2007 ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ካጠላባቸው አዕዋፍ ተመድቧል። ለአውሬ ተብሎ በጥንብ ላይ የሚደረግ መርዝ ጥንብ አንሳውንም ይገድላል። ቀለሙን በወረቀት ማትረፍ ወፉን ማትረፍ አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ይህን የሥዕል መጽሐፍ ባገኙ ጊዜ ለልጆቻቸው እንዲያሳዩ፣ አጠገባቸውም ሽማግሌ እንዲያስቀምጡ እንመክራለን። የወፉን ስም በአማርኛም በአገውኛም፣ የገደሉን ስም፣ የሚመጣበትንም ወራት ከአፋቸው እንጻፍ። ፉዌርቴስ የተወልን ግማሹን ነው፤ ሌላው ግማሽ በሽማግሌዎቻችን ዘንድ ስላለ ሳይዘገይ ልንጠይቃቸው ይገባል።