የወይዘሮ ስንዱ እጅ

አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። ማኅበሩ የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ ጣሊያን ወረረን። በዚያ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር የሚታወሱኝ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ስዊዘርላንድ የተማሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በወረራው ጊዜ ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሆነው በቀይ መስቀል ሥራ ቁስለኛ አስታመዋል።

ቁስል ማሰር ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። አስታማሚዋ አስቀድማ እጇን ትታጠባለች። ቁስሉን ከመሐል ወደ ዳር ታጸዳለች፤ ዳሩን የነካ ጥጥ ዳግመኛ ወደ መሐል አይመለስም። እግር ከሆነ ፋሻውን ከታች፣ ከጣቶቹ በኩል ጀምራ ወደ ላይ ትጠመጥማለች፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በከፊል ይደርባል። ከላላ ይወልቃል፣ ከጠበቀ ደም ያግዳል። የጣቶቹን ጫፍ ግን አትሸፍንም። ጥፍሩን ጫን አድርጋ ስትለቀው ቶሎ ካልቀላ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ፈትታ እንደገና ታስረዋለች።

የወይዘሮ ስንዱን የሥራ ዘመን ሳይ፣ እንደዚያ ፋሻ ከታች ወደ ላይ የተጠመጠመ ሆኖ ይታየኛል። ተማርከው ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ማስተማር ያዙ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርት ሆኑ፤ ለተማሪዎቻቸው ቴአትር ጻፉ፤ «የልቤ መጽሐፍ»ንም አሳተሙ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የምርጫ በር ሲከፍት ተወዳደሩ፤ በአውሮፓውያን 1957 ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል፣ ቀጥሎም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ብዙ ሰው የሚያነሣላቸው ይህንን ቀዳሚነት ነው። እኔ ግን ከዚያ ወንበር በፊት ያለፉበትን ሥራ አስበልጣለሁ።

ሕግ ማርቀቅም ቁስል እንደ ማሰር ያለ የእጅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ውሰዱ። «ከበር ራቅ ብላችሁ አጭሱ» ብሎ አላለፈውም፤ 10 ሜትር ብሎ ቆረጠው። የሲጋራ ማስጠንቀቂያውም ከፓኬቱ ገጽ 70 በመቶውን ይሸፍን አለ። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ደጃፍ የቆመ ጥበቃ 10 ሜትሩን በእርምጃው ሊለካው ይችላል። በእርምጃ የሚለካ አንቀጽ ማለት፣ ለእኔ፣ በሚገባ የታሰረ ቁስል ነው።

ዘውዲቱም ጋንዲም ሆስፒታል ያሉት በዚሁ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ የትኛው መመሪያ ታማሚው አልጋ ድረስ እንደሚደርስ፣ የትኛው መንገድ ላይ እንደሚቀር ከማንም በላይ ታውቃለች። እባካችሁ ነርሶች፣ ለፓርላማ ዕጩ በሚመዘገብበት ቀን ከመካከላችሁ አንዷ ስሟን ታስመዝግብ።